ሳይቃጠል በቅጠል
ቤትንና ቤተ ሰብን ከሰደድ እሳትና ከጢሱ ስለ መጠበቅ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በየሸንጎውና በየጉባኤው ሲነገር ይሰማል፤ ለጠብ ማብረጃ፣ ለዕዳ ማስጠንቀቂያ፣ ለልጅ ምክርም ይጠቀሳል። ነገር ግን ቃሉ በቀጥታ የሚናገረው ስለ እሳት መሆኑን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። እሳት ገና ሲጀምር አንድ እረኛ ከአጠገቡ እርጥብ ቅጠል ቈርጦ እየመታ ያጠፋዋል፤ ነፋስ አግኝቶ ካደገ በኋላ ግን የአንድ አውራጃ ሕዝብ ሁሉ ቢሰበሰብ አይበቃውም። ስለዚህ ምሳሌው ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ አስቀድሞ ያልተሰናዳ ሰው በመከራው ቀን ቅጠሉን የሚቈርጥበት ጊዜ አያገኝም።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከጥር ወር ጀምሮ የበልጉ ዝናም እስኪጸና ድረስ ሣሩ ይደርቃል፤ ነፋሱም ይበረታል። ይህም ጊዜ የዐቢይ ጾም ወራት የሚውልበት፣ ሕዝቡም ከማናቸውም ጊዜ ይልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስበት ነው። እንግዲህ አደጋው የሚበረታበት ወራትና ምክር የሚሰማበት ወራት አንድ ሆኖ መገኘቱ ለአገር ሹማምንትና ለካህናት ታላቅ ዕድል ነው፤ ዕድሉም በከንቱ ሊያልፍ አይገባውም።

ያለፈው ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በ1992 ዓ.ም. በበጋው ወራት በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ እሳት ሳምንታት ሙሉ ሲነድ ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ ደንና ቍጥቋጦ አጠፋ። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ ቅጠልና አካፋ ይዞ ዘመተ፤ ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎችም አገሮች ባለሙያዎች መጡ። ይህ ሁሉ ድካም እሳቱን አቀዘቀዘው እንጂ ፈጽሞ ያጠፋው የወረደው ዝናም ነበረ። እንደዚሁም በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር፣ ዋልያና ጭላዳ ባሉበት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ በተጻፈው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሣ። ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደ ገና ተቀሰቀሰ፤ ከገደሉ አስቸጋሪነት የተነሣ ሰው በእግሩ ሊደርስበት ያልቻለበት ስፍራ ብዙ ስለ ሆነ፣ ከእስራኤል አገር እሳት የማጥፋት ባለሙያዎች ለርዳታ መጡ። ሁለቱም ጊዜ የደረሰው ርዳታ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ርዳታ እሳቱ ከተነሣ ከብዙ ቀን በኋላ የሚደርስ ነው። ቤት ግን በአንድ ሰዓት ይቃጠላል።

ቤት በሰደድ እሳት ጊዜ እንዴት እንደሚያዝ ያልተረዳ ሰው፣ ነበልባሉ እንደ ጐርፍ መጥቶ ግድግዳውን የሚውጠው ይመስለዋል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የደረሰው ነገር ግን ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ፓራዳይዝ፣ ማለት ገነት፣ በምትባለው የተራራ ላይ ከተማ ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ከማለዳው ጀምሮ፣ ካረጀ የኤሌክትሪክ መስመር የተነሣ እሳት በብርቱ ነፋስ ተገፍቶ ደረሰባት። በዚያ እሳት 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 የሚበልጡ ሕንፃዎችም ጠፉ። ከሞቱት የሚበዙት ሮጠው ለማምለጥ ያልቻሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። እሳቱ ካለፈ በኋላ ስፍራውን የተመለከቱ ሰዎች በአንድ ነገር ተደነቁ፤ ቤቶቹ እስከ መሠረታቸው ዐመድ ሆነው ሳሉ፣ በአጠገባቸው የቆሙት ዛፎች ብዙዎቹ ቅጠላቸው እንኳ አረንጓዴ እንደ ሆነ ነበረ። ነበልባሉ እንደ ጐርፍ አልፎ ቢሆን ኖሮ ዛፎቹ አስቀድመው በነደዱ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ነፋስ ከሚነደው ደን ላይ ፍሙንና ፍንጣሪውን አንሥቶ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ አሻግሮ ይበትነዋል። ፍንጣሪው በደረቅ ቅጠል፣ በማገዶ ክምር፣ በጣራ ሥር ባለ ቀዳዳ ገብቶ እየጤሰ ይቈያል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቤቱ ከውስጥ ይነሣል። አንድ ቤት ሲነድ ደግሞ ጎረቤቱን ያቃጥላል። ስለዚህ ቤትን የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ከሁሉ አስቀድሞ ከግድግዳው ጀምሮ በጥቂት እርምጃ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ይህም ለድኻው ሰው ታላቅ የምሥራች ነው፤ ተራራውን ሁሉ መጠበቅ ባይችል የደጁን ዙሪያ መጥረግ ይችላልና።

አሁን አንድ የገጠር ቅጥር በዐይነ ኅሊና ይታይ። ጣራው የሣር ክዳን ነው፤ የጭድ ክምሩ ለከብቶቹ እንዲቀርብ ተብሎ ከቤቱ ጥግ ተከምሯል፤ ኩበቱ ከግድግዳው ጋራ ተደርድሯል፤ ማገዶው ዝናም እንዳያገኘው ከጣራው ክፈፍ ሥር ገብቷል፤ አጥሩ ደረቅ እሾኽ ነው፤ አጥሩም ከጎረቤት አጥር ጋራ ተያይዟል። ይህ ሁሉ ለዕለት ሥራ የሚመች ነው፤ ለእሳት ግን የተዘረጋ ምንጣፍ ነው። አንድ ፍንጣሪ በአጥሩ ቢያርፍ ከአጥሩ ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ ኩበቱ፣ ከኩበቱ ወደ ክዳኑ የሚያደርሰው መንገድ አስቀድሞ ተሠርቶለታል።

መድኀኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ምንም የሚነድ ነገር የሌለበት ባዶ መሬት ወይም ጠጠር ይሁን። ማገዶ፣ ኩበትና የጭድ ክምር ከቤቱ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ቤቱ በተዳፋት ላይ ከሆነም ክምሩ ከታች በኩል አይሁን። በዚሁ 10 ሜትር ውስጥ ሣሩ ይታጨድ፤ ደረቁ ቅጠል ይጠረግ፤ የዛፎቹ የታችኛው ቅርንጫፍ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ይቈረጥ፤ በሣሩ የሚሄድ እሳት በቅርንጫፉ እንደ መሰላል ተንጠላጥሎ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው። አጥሩ ከቤቱ ጋራ የሚገናኝበት ስፍራ በድንጋይ ካብ ይተካ። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ይመረግ፤ ለአየር የተተወው ቀዳዳም ዐይኑ ከ3 ሚሊሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ይሸፈን፤ በአሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመው ቅጠል ይውጣ። ጣራው ሣር ከሆነ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ መሰላል፣ በውኃ የተሞላ በርሜልና እርጥብ ጆንያም በበጋው ወራት ከደጅ አይታጣ።

ስለ ባሕር ዛፍ የተለየ ነገር መናገር ያሻል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ለቤት ሥራና ለማገዶ የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ብዙ ገበሬም ግብሩን የሚከፍለውና ልጁን የሚያስተምረው ባሕር ዛፍ ሸጦ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት ያለበት ነው፤ እየተላጠ የሚንጠለጠለው ልጡም ሲነድ በነፋስ ርቆ የሚበር ፍንጣሪ ይሆናል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ 25 ሰዎች በሞቱበትና 3,000 ያህል መኖሪያ ቤቶች በጠፉበት እሳት ውስጥ የባሕር ዛፉ መብዛት አንዱ ማባባሻ ሆኖ ተቈጥሯል። በ2009 ዓ.ም. በሰኔ ወር ደግሞ በፖርቱጋል በፔድሮጋው ግራንዴ፣ የባሕር ዛፍና የጥድ ደን በሸፈነው አገር 66 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት በመኪና ሲሸሹ ግራና ቀኙ በዛፍ በታጠረ መንገድ ላይ እሳት የያዛቸው ናቸው። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ይተከል እንጂ ከቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ወይም ብቸኛ በሆነው የመንደር መውጫ መንገድ ዳርና ዳር አይሁን፤ ከሥሩ የወደቀው ቅጠልና ልጥም በየበጋው ይጠረግ።

እሳቱ እየቀረበ ከሆነ ዋናው ነገር ነፍስን ማዳን ነው። እሳት ሽቅብ ሲሄድ ከቍልቍለት ይልቅ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከላይ ያለውን ሣር አስቀድሞ አድርቆ ይጠብቀዋልና። ከእሳቱ በላይ ባለ ዳገትና በጠባብ ሸለቆ ውስጥ መሸሽ ስለዚህ የሞት መንገድ ነው። መሸሸጊያው የታረሰ ማሳ፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ፣ ወይም ነዶ የቀዘቀዘ ምድር ነው። ሕፃናት፣ እርጉዞች፣ ሕመምተኞችና ሽማግሌዎች እሳቱ ገና ሩቅ ሳለ አስቀድመው ይውጡ፤ በየመንደሩም ማን ማንን ደግፎ እንደሚያወጣ በስም ተለይቶ ይታወቅ። ከብቱ ከማሰሪያው ይፈታ፤ ስለ ከብት ወይም ስለ ዕቃ ብሎ ወደሚነደው ቤት የሚመለስ አይኑር። ልብሱም እሳት ሲነካው ቀልጦ በሰውነት ላይ ከሚጣበቅ ከናይሎን ይልቅ ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን። እሳቱን ለማጥፋት የሚወጡትም ከፊት ለፊቱ አይግጠሙት፤ ከነደደው ወገን ተነሥተው ጎንና ጎኑን እየመቱ ወደ ራሱ ይሂዱ፤ ወደ ኋላ የሚያመልጡበትንም መንገድ ሳያዩ አይግቡ። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ጉቶውና ሥሩ ሳይቈፈርና አፈር ሳይለብስ ወደ ቤት መመለስ አይገባም፤ የስሜኑ እሳት እንደ ገና መነሣት ይህን አስተምሯል።

ከነበልባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚደርስበት ጢሱ ነው። እሳት የሚያቃጥለው በመንገዱ ያገኘውን ነው፤ ጢስ ግን ድንበር ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ የካናዳ ደን ጢስ እስከ ኒውዮርክ ደርሶ በቀትር ሰማዩን ብርቱካን ቀለም አልብሶት ነበር። ጉዳቱ ከሚታየው ጥላሸት ይልቅ ከማይታየው ብናኝ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ ሁለት ተኩል እጅ የማይበልጠው ይህ ብናኝ ከራስ ጠጕር ውፍረት ሠላሳ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አፍንጫና ጕሮሮ ሳይዙት እስከ ሳንባ ጥግ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፤ አስም ያለበትን ያፍነዋል፤ የልብ ሕመምተኛውን ያዳክመዋል፤ ሕፃኑንና በማሕፀን ያለውንም ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድ ቀን አየር በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም የሚበልጥ ይህን ብናኝ እንዳይዝ መክሯል።

የኢትዮጵያ ገጠር ቤተ ሰብ በዚህ ነገር ሁለት ሸክም አለበት፤ ከውጭ የደኑ ጢስ ሲመጣ በውስጥ ደግሞ የማገዶና የኩበት ጢስ ይጠብቀዋልና። በርና መስኮት ዘግቶ ውስጥ ምድጃ ማንደድ ከአንዱ ጢስ ሸሽቶ ወደ ሌላው መግባት ነው። በጢስ ቀን ስለዚህ ምግቡ አስቀድሞ የተሰናዳ ይሁን፤ በቤት ውስጥ እሳት አይነድ፤ ቡናም አይቈላ፤ ዕጣንም አይጤስ። በነጠላ አፍንጫን መሸፈን ልማድ ነው፤ ዐመዱን ይከለክላል፤ ደቃቁን ብናኝ ግን አያስቀርም። ይህን የሚያስቀረው ኤን 95 የተባለው፣ ከመቶው ብናኝ ቢያንስ 95ቱን የሚይዘው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ፊት ላይ በሚገባ ሲገጥም ነው። የሣር ቤት ጢስ ሊከለክል ስለማይችል፣ በየቀበሌው ግድግዳው የተለሰነ፣ በርና መስኮቱ የሚገጥም አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕመምተኞች ማደሪያ ተብሎ አስቀድሞ ይለይ። ሌሊት ሌሊት ጢሱ በሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ፣ በቆላማው ስፍራ ያሉት ይልቁን ሊጠነቀቁ ይገባል።

ለካህናት የቀረበው ነገር ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ነው። በጎጃምና በጎንደር የጥንቱ አገር በቀል ደን በብዙ ስፍራ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው፤ ዙሪያው እርሻና የግጦሽ መሬት ሆኖ ሳለ፣ ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ተጠልሎ ይታያል። ይህ ደን አንድ ቀን ቢነድ ዘሩን የሚመልስ ሌላ ደን በአቅራቢያው የለም። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ከብት እንዳይገባ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተዋል፤ ከካቡ ውጭ ሁለትና ሦስት ሜትር ያህል ሣሩ ቢጠረግ ያው ካብ የእሳት ድንበር ይሆናል። በዕቃ ቤት ያለው የብራና መጽሐፍ ደግሞ ቢቃጠል የማይተካ ነው። በመከራው ሰዓት ታቦቱን ማን ይዞ እንደሚወጣ፣ መጻሕፍቱን ማን እንደሚሸከም፣ በየትኛውም መንገድ ወደ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬ ያልተወሰነ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የሚወስነው ድንጋጤ ነው።

እሳቱን የሚለኵሰውስ ማን ነው? መብረቅ የሚያስነሣው እሳት ቢኖርም ከሁሉ የሚበዛው የሰው እጅ ነው። እረኛው አሮጌውን አስታና ጓሳ አቃጥሎ ለከብቱ አዲስ ሣር ይሻል፤ ገበሬው ማሳውን ያሰፋል፤ ማር ቈራጩ ንቡን በጢስ ያባርራል፤ ከሰል አክሳዩ ጕድጓዱን ሳያዳፍን ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ክፋት አስበው አይደሉም፤ የዕለት እንጀራቸውን የሚፈልጉ ናቸው። ነገር ግን የአንዱ እንጀራ የሌላውን ቤት ሊያቃጥል አይገባውም። የኦሪት ሕግ በዘጸአት መጽሐፍ፣ እሳት አንሥቶ የባልንጀራውን ነዶ ወይም እርሻ ያቃጠለ ሰው እንዲከፍል ያዝዛል፤ በዘዳግም መጽሐፍም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ እንዳይሞት መከታ እንዲያበጅ ያስገድዳል። ከሁለቱ ሕጎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ያጠፋ ይክሳል፤ ጥፋት ሳይደርስ መከታ ያላበጀም ከበደል ነጻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065ም በደን ላይ እሳት መለኰስን በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ቅጣት ብቻውን እሳት አያጠፋም። ማቃጠል ፈጽሞ ሲከለከል እረኛው በድብቅ፣ ማንም በማያየው ጊዜ፣ ይኸውም ነፋሱ በሚበረታበትና ሁሉም በደረቀበት ወራት ለኵሶ ይሸሻል፤ እሳቱ ቢያመልጠውም ቅጣቱን ፈርቶ አይጮኽም። በጩኸቱ መዘግየትም መንደር ይጠፋል። የመንዝ ሕዝብ በጓሳው ላይ ያቆመው ቀሮ የተባለው ሥርዓት እዚህ ላይ ምሳሌ ይሆናል። ያ ሥርዓት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋና በተወሰነው ጊዜ እየከፈተ ጠብቆታል፤ ሕዝቡ ያከበረውም ራሱ መክሮ ያቆመው ስለ ሆነ ነው። እንደዚሁ ማቃጠል የግድ በሚሆንበት ስፍራ ሽማግሌዎችና የደን ባለሙያዎች ቀኑን፣ ስፍራውንና ድንበሩን ወስነው፣ መሬቱ እርጥበት ሳለ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሕዝቡ ቅጠሉን ይዞ ቆሞ ቢሆን፣ ከድብቁ እሳት ይሻላል።

እንግዲህ የሥራው ተራ ግልጽ ነው። ከጥምቀት በዓል በኋላ የወረዳው ሹም የቀበሌዎቹን መሪዎች ሰብስቦ የቤት ዙሪያ የሚጠረግበትን ቀን ይወስን፤ አካፋ፣ ዶማ፣ መጥረቢያና የውኃ ዕቃ ተቈጥሮ በታወቀ ስፍራ ይቀመጥ፤ ብቸኛው የመንደር መውጫ ይጠረግ። በዐቢይ ጾም እሑድ እሑድ ካህኑ ከስብከቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ለዚህ ነገር ይስጥ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የዕድሩ ጥሩንባ ለእሳት የተለየ ድምፅ ይኑራቸው፤ ሕዝቡም ለቅሶና እሳት በድምፅ እንዲለይ በጾሙ ወራት አንድ ጊዜ ይለማመደው።

በፓራዳይዝ ከእሳቱ በፊት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአዲሱ የሕንፃ ደንብ ከተሠሩት ቤቶች የተረፉት፣ ከመቶው ስንቱ እንደ ተረፈ ሲሰላ፣ ከቀድሞዎቹ ይልቅ በልጠው ተገኝተዋል። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነበረ፤ የተለየው አስቀድሞ የተደረገው ጥንቃቄ ነው። የገጠሩም ሰው የጭድ ክምሩን ዐሥር ሜትር አርቆ፣ የደጁን ደረቅ ቅጠል ጠርጎ ቢተኛ፣ ሹሙም ካህኑም በየድርሻቸው ቢያሳስቡት፣ የሚመጣው በጋ ቤቱን እንዳገኘው ትቶት ሊያልፍ ይችላል። ቅጠሉ ዛሬ በእጅ ነው፤ እሳቱ ከተነሣ በኋላ ግን ቅጠሉም ራሱ ማገዶ ነው።